የክፍል ድልድሉ ከመለጠፉ በፊት

ግልጽ ደብዳቤ፦ በአዲስ አበባ ለሚገኙ የካቶሊክ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራን፣ መምህራንና የወላጅ ኮሚቴዎች

የተከበራችሁ አባቶች፣ ሲስተሮችና መምህራን፣

ጊዜው ሰኔ ነው። ፈተናው ሊያልቅ፣ ካርድ ሊሰጥ ነው። እናንተም በምዝገባው፣ በክፍያ ማስተካከያውና በመምህራን ቅጥሩ ተወጥራችኋል። በዚህ መሀል ስለ ልጆች ጓደኝነት ደብዳቤ የሚጽፍ ወላጅ ሥራ የፈታ ሊመስል ይችላል። ወቅቱን የመረጥኩት ግን አስቤበት ነው። በክረምቱ አንድ ሰው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የአራተኛ ክፍል ልጆችን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያለ ይደለድላል። መስከረም ላይ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወዲያ ወላጅ ምንም ቢጠይቅ መልሱ «አንዴ ተደልድሏል» ነው።

ያ ቀን በልጆቹ በኩል ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አዲስ ሹራብ የለበሰች ልጅ ወረቀቱ ላይ የራሷን ስም ታገኛለች፤ ጣቷን ግን አታነሳም፤ ወደ ታች ትቀጥላለች። የምትፈልገው ሌላ ስም ነው። እዚያ ካጣችው ወደሚቀጥለው ወረቀት ትሻገራለች፣ ከዚያም ወደ ሌላው። አምና አጠገቤ የነበረች አንዲት ልጅ የጓደኛዋን ስም መጨረሻው ወረቀት ላይ ስታገኘው አላለቀሰችም። ወደ እናቷ ዞራ «ምን አጥፍተን ነው?» ነው ያለቻት።

ጥያቄውን ከሜዳ አላመጣችውም። ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ የምትሰማው ማስፈራሪያ «ዝም ካላላችሁ እለያያችኋለሁ» የሚል ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠው ካወሩት አንዷ ወደ ፊት፣ አንዷ ወደ ኋላ ወንበር ትወሰዳለች። መለየት ቅጣት መሆኑን ያስተማርናቸው እኛው አዋቂዎቹ ነን። እንግዲህ አንድም ሰው ሳያስረዳቸው ሲለያዩ ጥፋታቸውን ቢፈልጉ ምን ይገርማል?

ልጆችን በየዓመቱ ለመቀላቀል የምትሰጡትን ምክንያት አውቀዋለሁ፤ ተገቢም ነው። ልጆች ለዓመታት አንድ ክፍል ውስጥ ሲቆዩ «የጎበዞች ክፍል»፣ «የሰነፎች ክፍል» የሚባል ስም ይወጣል፤ ቡድን ይፈጠራል፤ መምህሩም ገና በሩን ሳያልፍ ፊቱን ያጠቁራል። አንደኛ የወጣውን ኤ፣ ሁለተኛውን ቢ፣ ሦስተኛውን ሲ እያሉ ማከፋፈል ከዚያ ይሻላል። የማይዋጥልኝ ነገር አንድ ነው። ድልድሉን የሚሠራው ሰው የልጁን ውጤት ያውቃል፣ ዕድሜውን ያውቃል፣ ወንድ ይሁን ሴት ያውቃል፤ ከማን ጋር እንደሚጫወት ግን አያውቅም።

ማወቅ ደግሞ ከባድ አይደለም። ጃኮብ ሞሬኖ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኒው ዮርክ ብሩክሊን በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆቹን አጠገባቸው ማን እንዲቀመጥ እንደሚፈልጉ ጠይቆ መልሱን በክብና በመስመር ሣለው። ብዙ መስመር የደረሳቸው ልጆች ነበሩ፤ እርስ በርስ የተመራረጡም ነበሩ፤ አንድም መስመር ያልደረሳቸውም ነበሩ። ዘዴው ከዚያ ወዲህ ብዙ ተራቅቋል፤ ለእኛ ጉዳይ ግን አንዲት ቁራጭ ወረቀት ትበቃለች። በሰኔ፣ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት፣ የክፍሉ ኃላፊ መምህር እያንዳንዱን ልጅ በመጪው ዓመት አብረውት እንዲማሩ የሚፈልጋቸውን የሦስት ልጆች ስም ያስጽፈው። ከሦስቱ ቢያንስ ከአንዱ ጋር ይመደብ። ማንን እንደማይፈልግ አይጠየቅ። ወረቀቱ ክፍል ውስጥ አይነበብ፣ አይለጠፍ፣ ለወላጅም አይታይ። ወላጅ ቢያየው ምን እንደሚፈጠር ኋላ እመጣበታለሁ።

ከወረቀቱ የሚገኘው ትልቁ ነገር ታዲያ ድልድሉ አይደለም። ማንም ስሙን ያልጻፈው ልጅ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ያ ልጅ ብዙ ጊዜ ዝምተኛ ነው፤ አይጣላም፣ አይረብሽም፣ ወላጁም አይጠራም። ካርዱ ላይ «ፀባይ፦ ኤ» ተብሎ ይጻፍለታል።

«ይህ ደግሞ የትምህርት ቤት ሥራ ነው እንዴ?» የሚል ይኖራል። ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ቢሆን ረጅም ክርክር በገጠምኩ ነበር፤ ለእናንተ ግን የገዛ ሰነዳችሁን ማስታወስ ይበቃል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ያወጣው መግለጫ የትምህርት ቤትን ተግባር ሲዘረዝር፣ ተሰጥኦአቸውና አስተዳደጋቸው የተለያየ ልጆች እንዲወዳጁና እንዲግባቡ ማድረግን ከዕውቀቱና ከሙያ ዝግጅቱ ጋር አንድ ላይ ነው ያስቀመጠው። እዚህ ላይ አዲስ አበባን አይቶ የጻፈው ይመስላል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገራችን ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበሩ፤ ክፍሎቻችሁን የሞሏቸው ግን የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊምና የፕሮቴስታንት ልጆች ናቸው። ወላጁ ለምዝገባ የሚሰለፈው «ሲስተሮቹ ጋ ይማርልኝ» ብሎ እንጂ ሃይማኖት ቆጥሮ አይደለም።

እነዚህ ልጆች ምሳ ሰዓት ላይ የሚያደርጉትን ተመልከቱ። አምስት ሆነው ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ክብ ሠርተዋል። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ሁለቱ ጾመኞች ናቸው፣ ሽሮና ጎመን ይዘዋል። አንዱ ሙስሊም ነው፤ እናቱ ጥብስ ቋጥራለታለች። የቀሩት ሁለቱ እንቁላል ፍርፍርና ፓስታ አላቸው። ማን ከማን ምሳ ዕቃ መቁረስ እንደሚችል አንድም ሰው አያውጅም፤ እጃቸው ግን ያውቃል። ሽሮው መሀል ይገባል፤ ሁሉም ይጎርሳል፣ ይጎራረሳልም። ጥብሱ ከባለቤቱ ፊት ንቅንቅ አይልም፤ እሱ ግን ባዶ እጁን አልወጣም፣ ብርቱካኑን ልጦ በክፋይ በክፋይ ያድላል። እንቁላሉ በጾመኞቹ በኩል ሳያልፍ በሌላ በኩል ይዞራል። አንዱ በስህተት እጁን ሲዘረጋ ጎረቤቱ በክርኑ ነካ ያደርገዋል፤ ጨዋታው ግን አይቋረጥም። የስድሳ ዓመት ሰዎች በድግስ ላይ እንዲህ ያለ ጥበብ ቢያሳዩ እናደንቃቸዋለን። ልጆቹ ይህን በአንድ ቀን አልተማሩትም፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ስለበሉ ነው።

ከኮሮና ወዲህ ምግብ መካፈል የተከለከለባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በሽታው ጋብ ቢልም ክልከላው እንዳለ ቀርቷል። ስለ ንጽሕናና ስለ አለርጂ የሚነሳው ስጋት ይገባኛል። እጃቸውን አስታጥቡልን፣ አለርጂ ያለበትን ልጅ ለይታችሁ እወቁልን፤ ገበታውን ግን መልሱላቸው።

አሁን ወደ ረፍት ልምጣ፤ ደብዳቤውን ያጻፈኝም ይበልጡን እሱ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ሰልፍና ሰንደቅ ዓላማ፣ ከዚያ ክፍል፣ አራት ሰዓት ገደማ የ15 ወይም የ20 ደቂቃ ረፍት፣ እንደገና ክፍል፣ ስድስት ሰዓት ምሳ፣ እንደገና ክፍል፣ ለብዙዎቹም በዚያ ላይ ቱቶሪያል። ከ15ቱ ደቂቃ የሽንት ቤት ወረፋና ዳቦ የሚበላበት ሲቀነስ የሚተርፈው አንድ ዙር ሱዚ ለመዝለል አይበቃም። ሱዚ ደግሞ መዝለል ብቻ አይደለም። ሁለት ልጆች ላስቲኩን እግራቸው ላይ አድርገው ይቆማሉ፤ ሌላዋ ተራ ትጠብቃለች፤ «ነክተሻል»፣ «አልነካሁም» ይባላል፤ አንዷ አኩርፋ ጥግ ትይዛለች፤ ሌላዋ ልትለምናት ትሄዳለች፤ ታርቀው ይመለሳሉ። ደወሉ የሚደወለው ኩርፊያውና ዕርቁ መሀል ከሆነ ልጅቷ ኩርፊያዋን ይዛ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ትገባለች።

ይህችኑ አጭር ጊዜ ደግሞ መቅጫ አድርገናታል። የቤት ሥራ ያልሠራ ከረፍት ይቀራል። ሲያወራ የተገኘ ከረፍት ይቀራል። ጽሕፈቱ ያላማረ ከረፍት ቀርቶ ይገለብጣል። ለመምህሩ የሚመች ቅጣት ነው፤ ጩኸት የለው፣ ዱላ የለው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የአቋም መግለጫ ረፍት ለቅጣትም ሆነ ለትምህርት ማካካሻ ተብሎ ከልጅ መነጠቅ እንደሌለበት ጽፏል። ሐኪም ባይናገረውም ግን ዓይን ያለው ያየዋል። ከረፍት የሚቀሩት በየሳምንቱ እነዚያው ልጆች ናቸው፤ ጨዋታው ያለ እነሱ መሄድ ይለምዳል፤ ከወር በኋላ ቢለቀቁም የሚያስገባቸው ቡድን የለም። ያን ጊዜ መጋፋት ይጀምራሉ፤ «ረባሽ» የሚለው ስም ይጸናባቸዋል፤ ቅጣቱም ይጨመራል።

በዚህ ነገር ከእናንተው ቤት የተሻለ መምህር አላውቅም። ቄሱ ዶን ቦስኮ በግንቦት 1884 (እ.ኤ.አ.) ከሮም ሆኖ ቱሪን ላለው የልጆች ማሳደጊያ ቤቱ በላከው ደብዳቤ ላይ አንድ ሕልም ይተርካል። ሁለት ሜዳ አየ። አንደኛው የድሮው ነው፤ ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ይዘፍናሉ፤ ቄሶቹና ረዳቶቻቸው መሀላቸው ገብተው አብረው ይጫወታሉ። ሁለተኛው የዚያን ጊዜው ነው፤ ሜዳውም አለ፣ ልጆቹም አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ዓምድ ተደግፈው ቆመዋል፣ ጥግ ይዘው ያንሾካሹካሉ። ከአሳዳጊዎቹ አብዛኞቹ እርስ በርስ እያወሩ ይንሸራሸራሉ፣ ቀሪዎቹ ከሩቅ ይቆጣጠራሉ። ሽማግሌው ያን ጊዜ 68 ዓመቱ ነበር። የቤቱን መታመም ያነበበው ከፈተና ውጤት ሳይሆን ከሜዳው ነው። ልጆችን መውደድ ብቻውን እንደማይበቃ፣ መወደዳቸውን ራሳቸው ሊያውቁት እንደሚገባ ያሳሰበውም እዚሁ ደብዳቤ ላይ ነው።

የዶን ቦስኮ ምስል በአንዳንድ ግቢያችሁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ። ረፍት ሰዓት ላይ ታዲያ መምህራኑ የት ናቸው? ሻይ ክበብ። አልፈርድባቸውም፤ ጠዋትም ከሰዓትም ቆሞ ሲያስተምር የሚውል ሰው ሻይ መጠጣት አለበት። ተረኛ መምህር እንዳለም አውቃለሁ። ተረኛው ፊሽካ ይዞ ደረጃው ላይ ይቆማል፤ የሚፈልገው የሚደባደብ ልጅ ነው፤ ካልተደባደቡ ሰላም ነው ማለት ነው። እኔ የምለው ከደረጃው ይውረድ ነው። ብቻዋን አጥር ታክካ የምትዞረውን ልጅ ከደረጃው ላይ ሆኖ አያያትም፤ ቢያያትም «ጨዋ ናት» ይላል። ሱዚ ላስቲኩን ለሁለት ደቂቃ ቢይዝላቸው፣ «እሷም ትግባ» ብሎ ቢያስገባት፣ ያን ያህል ክብሩ አይነካም። ይህ ሥራ ሆኖ ይታሰብለት፣ ከሌላ ክፍለ ጊዜ ይቀነስለት። ክፍያ ስትጨምሩ ምክንያቱ ይህ ከሆነ በወላጅ ስብሰባ ላይ እጄን ለድጋፍ አወጣለሁ፤ እንዲህ ብሎ የጻፈላችሁ ወላጅ ከዚህ በፊት ያለ አይመስለኝም።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው ሌላ ነገር ሰሌዳው ጥግ ላይ የሚሰፍረው የረባሾች ስም ዝርዝር ነው። መምህሩ ሲወጣ የክፍል አለቃው ጠመኔ ይዞ ይቆማል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በእኩዮቹ ላይ ይሾማል። መጀመሪያ ስም ይጻፋል፤ ተከራክሮ «አላወራሁም» ያለ «×2» ይጨመርበታል፤ ሲብስ «×5» ይሆናል። ደስታ ከረሜላ ያቀበለ ይሰረዝለታል። አለቃው የጓደኛውን ስም ከጻፈ «አሳባቂ» ተብሎ ከጨዋታ ይወጣል፤ ካልጻፈ በመምህሩ ዘንድ «አድልዎ ታደርጋለህ» ይባላል። ጉቦንና ማሳበቅን ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማር ቢያስፈልግ ከዚህ የሚሻል መንገድ አይገኝም። በዚያው ሳምንት የግብረ ገብ ፈተና ላይ «ጓደኛን መርዳት መልካም ነው፤ እውነት ወይስ ሐሰት» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ሁሉም «እውነት» ብሎ ሙሉውን ያገኛል።

ዱላና ስድብ ይሰማል፤ ወላጅ ይጠራል። «አናጫውትሽም» ግን ተረኛ መምህሩ ጆሮ አይደርስም። ከክልል መጥቶ አማርኛው አፉ ላይ ያልቀናለት ልጅ፣ የታላቅ ወንድሙን ሹራብ የሚለብስ ልጅ፣ በነጻ እንደሚማር የታወቀበት ልጅ፣ መነጽር ያደረገች ልጅ፣ ሁሉም ቅጽል ስም ይወጣላቸዋል። ዩኔስኮ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ ከጥናቱ በፊት በነበረው አንድ ወር ውስጥ በትምህርት ቤት በእኩዮቹ ጥቃት ደርሶበት ነበር። የእኛ ልጆች የተለዩ ናቸው ብሎ ማሰብ ደስ ይላል፤ ግን አይመስለኝም።

ፊንላንዳዊቷ ተመራማሪ ክሪስቲና ሳልሚቫሊ ይህን ጉዳይ ስታጠና ዓይኗን ያሳረፈችው በአጥቂውና በተጠቂው ላይ ብቻ አይደለም። አጃቢ አለ፣ የሚስቅ አለ፣ ዓይቶ ዝም የሚል አለ፣ የሚከላከል አለ። በዚህ ላይ ተመሥርቶ በፊንላንድ የተዘረጋው ኪቫ የተባለው ፕሮግራም አብዝቶ የሚሠራው በተመልካቾቹ ላይ ነው፤ ሳቁ ካለ ቅጽል ስሙ አይቆምማ። በእኛ ዘንድ ግን የሚቀጣው አንድ ልጅ ነው፤ ያውም በሳቂዎቹ ፊት ተንበርክኮ። ልጅ በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ መሆኑን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ደንግጓል። ሕጉን ብንተወው እንኳ ተንበርካኪው ልጅ ሲነሳ አዲስ ቅጽል ስም ይዞ ነው የሚነሳው።

ዕርቁም ቢሆን ይታሰብበት። ሁለት ልጆች ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ይጠራሉ፤ «ተጨባበጡ፣ ይቅርታ ተባባሉ» ይባላሉ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነውና የተበደለው ልጅ «ይቅር አልልም» ማለት እንደ ኃጢአት ይቆጠርበታል። በአገራችን ሽማግሌ እንኳ ሁለቱንም ወገን ለየብቻ ሳይሰማ፣ በዳይ ጥፋቱን ሳያምን፣ ካሳ ካለም ካሳው ሳይቆረጥ አያስታርቅም። ይቅርታውን የምታስተምሩት ከልብ ከሆነ፣ ከልብ ነውም፣ ለመስማት የሚሆን ግማሽ ሰዓት ስጡት።

ስለ ወላጆች እናገራለሁ ብዬ ነበር። ልጁ ከሰርቪስ ወርዶ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ «ስንት አገኘህ?» እንለዋለን፤ ቀጥሎ «እነ እገሌስ?»። አዲስ ጓደኛ ሲጠቅስ «ስንተኛ ነው የሚወጣው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ከአህያ ጋር ስለዋለችው ጊደር የሚተረተውን የማያውቅ ወላጅ የለም፤ ሠላሳኛ የወጣውን የሰው ልጅ አህያ፣ የራሳችንን ደግሞ ጊደር አድርገን እንተርተዋለን። ሦስቱ ስም የሚጻፍበትን ወረቀት ወላጅ አይየው ያልኩት ለዚህ ነው፤ ማታውኑ «ይህችን ሰርዛት፣ እነዚያን አድርግ» የምንል ብዙ ነን። የልጆቹ ኩርፊያ ብዙ ጊዜ ሰርቪሱ ውስጥ ያልቃል። የእናቶቹ ግን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሦስት ቀን ይቆያል፤ አባቶች ሲገቡበትማ ሳምንት። እናንተም ካርድ ስትሰጡ ደረጃውን በልጆቹ ሁሉ ፊት አትጥሩልን፤ ለየወላጁ በፖስታ ይሰጥ። በተለይ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ላሉት።

ሜዳ አላችሁ። በዚህች ከተማ በኪራይ ቪላ ግቢ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የማያገኙት፣ ዛፍ ያለበት፣ ኳስ የሚንከባለልበት ሜዳ ከቀደሙት ሚስዮናውያን ወርሳችኋል። ቁራጭ በቁራጭ አዲስ ሕንፃ ሲበቅልበት እያየሁ ነው፤ ይህን ለብቻው አንድ ቀን እጽፈዋለሁ።

ለጊዜው የእኔን ድርሻ ልናገር። የረፍት ተረኛ መምህር የሚያግዝ ወላጅ ካስፈለገ ማክሰኞና ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ መምጣት እችላለሁ፤ ሌሎች ሦስት ወላጆችም ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውኛል። ስማችንን መዝግቡ፣ መታወቂያችንን አጣሩ፣ ማድረግ የማንችለውንም አስቀድማችሁ ጻፉልን። መልሳችሁን በክረምቱ የወላጅ ስብሰባ ላይ እጠብቃለሁ። «አይሆንም» ከሆነም ምክንያቱን ጨምራችሁ ንገሩን፤ እንወያይበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ተማሪዎቻችሁ እናት
አዲስ አበባ፣ ሰኔ